ነፍሳት ቀን አይቆጥሩም፤ ሙቀት ይቆጥራሉ

(ከአንድ ዘማች ተማሪ፣ ሮቤ)



እስቲ ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ቀፏችሁ ጠጋ በሉ። ንቧ ገና አልወጣችም። ግድግዳ ላይ ያደረችውን ዝንብም ተመልከቱ። በጣታችሁ ብትነኳት እንኳ ቶሎ አትበርም፤ ትድሃለች። ረፋድ ላይ ያችኑ ዝንብ ለመያዝ ሞክሩ። አትያዝም! በዚህ መካከል ምን ተለወጠ? ዝንቧ አልበላች፣ አልጠጣች። የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የጎተራው እህል፣ የማሳው ስንዴ፣ የበረቱ ከብት፣ የቤቱ ልጅ ሁሉ ከዚህ ነገር ጋር የተያያዙ ናቸው። ለምን ቢሉ፣ ተባይ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚበዛ፣ የት ድረስ እንደሚወጣ ከሁሉ በፊት የሚወስነው ሙቀትና ዝናብ ነው። ይህን ያወቀ ገበሬ ተባዩን ቀድሞ ይጠብቀዋል። ያላወቀ ገበሬ ግን ተባዩ ከበላ በኋላ ይደርሳል።

የራሳቸው ምድጃ የላቸውም

ሙቀት የሚለካው በዲግሪ ነው። እህል በኪሎ፣ መንገድ በኪሎ ሜትር እንደሚለካ ማለት ነው። ውሃ የሚረጋበት ብርድ 0 ዲግሪ ይባላል። የጤነኛ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ቢበርድም፣ ቢሞቅም የሰው ገላ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ላምም፣ በግም፣ ዶሮም የየራሳቸው ሙቀት አላቸው። የበሉት ምግብ በሰውነታቸው ውስጥ እንደ ማገዶ ሆኖ ያሞቃቸዋል።

ነፍሳት ግን እንዲህ አይደሉም። የራሳቸው ምድጃ የላቸውም። አየሩ ሲበርድ ገላቸው አብሮ ይበርዳል። አየሩ ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል። ገላቸው ሲበርድ መራመድ፣ መብላት፣ ማደግ፣ መራባት ሁሉ ይዘገያል። ሲሞቅ ሁሉም ይፈጥናል።

ነፍሳት የምንላቸው 6 እግር ያላቸውን ነው። ዝንብ፣ ነቀዝ፣ አንበጣ፣ ቅማል፣ ቁንጫ፣ ክሽክሽ ከነዚህ ናቸው። መዥገርና የበግ እከክ የምታመጣው፣ በዓይን የማትታይ ትንሽ ተባይ ግን 8 እግር አላቸው። የሸረሪት ዘመዶች ናቸው። ቢሆንም በሙቀት ነገር ሕጋቸው አንድ ነው።

ንብ እዚህ ላይ ትለያለች። አንዲት ንብ ብቻዋን ብትሆን በብርድ ትደርቃለች። በቀፎ ውስጥ ግን በሺህ ሆነው ይተቃቀፋሉ፤ የክንፋቸውን ጡንቻ እያንቀጠቀጡ ያሞቃሉ። እጮቻቸው ያሉበትን ቦታ 35 ዲግሪ ገደማ አድርገው ይጠብቁታል። ስለዚህ ነው ንብ በደጋም በቆላም የምትኖረው።

የነቀዝ ሒሳብ

ነቀዝን ለምሳሌ እንውሰድ። ነቀዝ እንቁላሏን በእህሉ ፍሬ ውስጥ ትጥላለች። ትሉ የሚያድገው እዚያው ፍሬው ውስጥ ነው፤ ከውጭ አይታይም። አድጎ፣ ነቀዝ ሆኖ፣ ፍሬውን በስቶ ሲወጣ ነው እኛ ቀዳዳውን የምናየው።

ከእንቁላል ተነሥቶ ነቀዝ እስኪሆን ስንት ቀን ይፈጅበታል? መልሱ «እንደ ሙቀቱ» ነው። 27 ዲግሪ በሆነበት ቦታ 5 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። 18 ዲግሪ በሆነበት ቦታ ግን 3 ወርና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከወረደ እድገቱ ቆመ ማለት ይቻላል። ነቀዝ ባይሞትም ይተኛል።

አሁን እስቲ የተማርነውን ማባዛት እንጠቀምበት። በሁለት ጎተራ ውስጥ 10፣ 10 ነቀዝ ገባ እንበል። አንድ ትውልድ ራሱን 10 ጊዜ ያበዛል ብለን ለምሳሌ እንያዝ። የምናየው 6 ወር ነው።

በቀዝቃዛው ጎተራ በ6 ወር ውስጥ 2 ትውልድ ብቻ ይወለዳል። 10 ሲባዛ በ10፣ 100። 100 ሲባዛ በ10፣ 1,000።

በሞቃቱ ጎተራ ግን በዚያው 6 ወር 5 ትውልድ ይወለዳል። 100፣ 1,000፣ 10,000፣ 100,000፣ 1,000,000!

ሁለቱም ጎተራ የተጀመረው በ10 ነቀዝ ነው። ሁለቱም የቆዩት 6 ወር ነው። አንዱ ሺህ፣ አንዱ ሚሊዮን ሆነ። እርግጥ ነው፣ እህሉ ስለሚያልቅና ነቀዙም ስለሚሞት በእውኑ ጎተራ ቁጥሩ እንዲህ እንደ ሒሳቡ አይሆንም። መንገዱ ግን ይኸው ነው። ነቀዝ የኛን የቀን መቁጠሪያ አያውቅም። እሱ የሚደምረው ያገኘውን ሙቀት ነው።

ሙቀት በጣም ሲበዛም ይገድላል። ነፍሳት ከ50 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ከቆዩ ይሞታሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተባይ የሚመቸው መሐለኛ ሙቀት አለ። ከዚያ በታች ይዘገያል፤ ከዚያ በላይ ይጎዳል።

የባሌ መሰላል

አገራችን ባሌ ይህን ነገር ለመማር እንደ ትልቅ መጽሐፍ ናት። ወደ ላይ 100 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ባለ መጠን ይቀንሳል። 1,000 ሜትር ብንወጣ ደግሞ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል።

ሮቤ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,490 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጎባ 2,740 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል። መንገዱ መጀመሪያ ወደ ሰኔቲ ይወጣል፤ 4,000 ሜትር። አጠገቡ ቱሉ ዲምቱ አለ፤ 4,377 ሜትር። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። የሪራን ቀርከሃ አልፎ ሐረና ደን ይገባል። ሐረና ውስጥ ቡና ሳይተከል ይበቅላል። መጨረሻው ደሎ መና ነው፤ 1,300 ሜትር ገደማ። በአንድ ቀን መንገድ የ16 ዲግሪ ያህል ልዩነት! ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ከሰዓት በኋላ ጥላ ይፈልጋል።

የነፍሳቱም ኑሮ በዚህ መሰላል ልክ ይለያያል። ሰኔቲ ላይ ሌሊት ውሃ ይረጋል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። እዚያ ድንጋይ ብትገለብጡ ከሥሩ ትናንሽ ጥቁር ጥንዚዛዎች ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ መብረሪያ ክንፍ የላቸውም። መብረር ሙቀት ይጠይቃል፤ በዚያ ብርድና ንፋስ ክንፍ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ድንጋዩ ግን ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይሰጣቸዋል። ዝቅ ብለን ሮቤና ጎባ ስንደርስ ስንዴና ገብስ አለ፤ ከነሱም ጋር ክሽክሽና የገብስ ቡቃያ ልብ የምትበላ ትል አለች። ደሎ መና ስንወርድ በቆሎ አለ፤ ነቀዙም ቶሎ ይራባል፤ የወባ ትንኝም ትገኛለች።

ታዲያ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከቆላ የተገዛ በቆሎ ወደ ሮቤ ሲመጣ ነቀዙን ይዞ ይመጣል። እዚህ ብርዱ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ጎተራው እሳት የሚነድበት ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ለነቀዙ ትንሽ ቆላ ሠራንለት ማለት ነው።

ትንኟና ተውሳኩ

ወባ በደጋ የማትኖረው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው «ትንኟ ብርድ አትወድም» ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ በትንኟ ሆድ ውስጥ ያለው ነው።

ትንኟ ከታመመ ሰው ደም ስትጠጣ የወባውን ተውሳክ አብራ ትወስዳለች። ተውሳኩ ወዲያው ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። በትንኟ ገላ ውስጥ ማደግ አለበት። የከፋው የወባ ዓይነት በ25 ዲግሪ ሙቀት ለማደግ 12 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በ20 ዲግሪ ግን 4 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ከ16 ዲግሪ በታች ምንም አያድግም። ትንኟ ደግሞ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ አብዛኞቹ ጥቂት ሳምንት እንኳ አይሞላቸውም። ስለዚህ በቀዝቃዛ አገር ተውሳኩ ሳያድግ ትንኟ ትሞታለች። ደጋን ያዳነው ይህ ነው።

ነገር ግን ይህ ጥበቃ የሚፈርስበት ጊዜ አለ። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡም ሙቀቱም ከልማዱ ውጭ ሆነ። ወባ ከቆላ ወጥታ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያሉ አገሮችን ወረረች። እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ድረስ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሰው ሞተ ተብሎ ይገመታል። የደጋና የወይና ደጋ ሰው ወባን አልለመደም ነበር። ገላው መቋቋም አልቻለም። ጥቂት ዲግሪና ብዙ ዝናብ ሲገናኙ ምን እንደሚያደርጉ ከዚህ እንማራለን።

በቅርቡም፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ደብረ ዘይት አካባቢ ያለውን የወባ መዝገብ ዓመት በዓመት መርምሯል። ሞቃት በሆነ ዓመት ወባ ወደ ከፍታው ትወጣለች፤ ቀዝቃዛ በሆነ ዓመት ወደ ዝቅታው ትመለሳለች። መሰላሉን ትወጣዋለች፣ ትወርደዋለች ማለት ነው።

ብርድ የማያስቆማቸው

«እንግዲያው እኛ ደገኞች ተገላገልን» የሚል ሊኖር ይችላል። ቀስ በሉ! ብርድ የማያስቆማቸውም አሉ።

ቅማልን ተመልከቱ። ቅማል የምትኖረው በልብስና በገላ መካከል ነው። ውጭው ቢበርድም እዚያ ሁልጊዜ ሙቅ ነው። እንዲያውም በብርድ አገር ሰው ልብስ ይደርባል፤ ተጠጋግቶ ይተኛል፤ ገላውንና ልብሱንም አዘውትሮ አያጥብም። ይህ ሁሉ ለቅማል ይመቻታል። ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት የምታስተላልፈው እሷ ናት። ቆላ የትንኝ በሽታ ካለው፣ ደጋም የቅማል በሽታ አለው። መድኃኒቱ ከሁሉ በፊት ልብስን በፈላ ውሃ መቀቀል ነው። ከላይ እንዳልነው ኃይለኛ ሙቀት ይገድላታል፤ እንቁላሏንም ጭምር።

የበግ እከክ የምታመጣውም ትንሿ ተባይ ዕድሜዋን ሙሉ በበጉ ቆዳ ላይ ትኖራለች። የበጉ ገላ ምድጃዋ ነው። በብርድና በዝናብ ወራት በጎች ጠባብ በረት ውስጥ ተፋፍገው ያድራሉ። ያን ጊዜ ከአንዱ ወደ አንዱ በቀላሉ ትሻገራለች። ስለዚህ እከክ በብርዱ ወራት ይበረታል። ፀጉሩን የሚነቅል፣ ራሱን በግንድ የሚያሽ በግ ካያችሁ ቶሎ ለዩት። ለእንስሳት ጤና ሠራተኛም ንገሩ።

መዥገር በሁለቱ መካከል ናት። ደም የምትጠጣው በሞቀው ከብት ገላ ላይ ነው። ጠጥታ ስትጠግብ ግን መሬት ትወድቅና በሳር ሥር እንቁላሏን ትጥላለች። አንዷ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ የሚፈለፈለው እንደ አገሩ ሙቀትና እርጥበት ነው። በሞቃት አገር በሳምንታት፣ በብርድ አገር በወራት ይፈለፈላል። ከዚያ ልጆቿ ሳር ጫፍ ላይ ወጥተው ከብት እስኪያልፍ ይጠብቃሉ።

እናንተ «ጎዳንቱ» የምትሉትን ታውቃላችሁ። ከብቱን እንደ ወቅቱ ከደጋ ወደ ደን፣ ከደን ወደ ቆላ፣ ከዚያም መልሶ ማመላለስ ነው። ይህ የአባቶች ጥበብ ነው፤ ለሳሩም ለከብቱም ይበጃል። ነገር ግን ከቆላ የሚመለስ ከብት መዥገሯን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ መንጋው ሲመለስ፣ ከሌላው ከብት ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ጆሮውን፣ ብብቱን፣ ጡቱን፣ የጭራውን ሥር መፈተሽ ይገባል። የጠገበች መዥገር መሬት ከወደቀች በኋላ ግን ነገሩ አመለጠ።

ዝናብም ድርሻ አለው

ሙቀት ብቻውን አይሠራም። ዝናብና ድርቅ አብረውት ይሠራሉ።

ክሽክሽን እንይ። ክሽክሽ ገላዋ ለስላሳ ነው። የስንዴና የገብስ ጭማቂ ትመጣለች። የሚያስደንቀው ደግሞ ወንድ ሳያስፈልጋት ትወልዳለች፤ እንቁላል ሳይሆን ሕያው ልጅ። በሞቃት ጊዜ ልጅቷ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ራሷ እናት ትሆናለች። ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ከቅጠሉ አጥቦ ይጥላታል። ዝናብ ሲቆምና ቀኑ ሲሞቅ ግን የሚከለክላት የለም። ድርቅ በመታ ዓመት ክሽክሽ የሚበዛው ለዚህ ነው። ሰብሉ በጥማት ሲደክም፣ ክሽክሽ ደግሞ የቀረውን ጭማቂ ትመጣለች። አንደኛው ዓይነት ክሽክሽ ቅጠሉን እንደ ጥቅልል ጠቅልሎ በውስጡ ይደበቃል፤ በቅጠሉም ላይ ነጭ መስመር ይታያል። አንዴ ከተደበቀ መድኃኒት ቢረጭም አያገኘውም።

እዚህ ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገናና በቦና እንዘራለን። ይህ በረከት ነው። ለተባይም ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ማዕድ ይቀርብለታል ማለት ነው። ከአንዱ አጨዳ በኋላ ማሳ ውስጥ የበቀለ ገቦ ስንዴና ገብስ እስከ ሁለተኛው ዘር ድረስ ለክሽክሽ ድልድይ ይሆናታል። ከመዝራታችሁ በፊት ገልብጣችሁ አጥፉት።

አንበጣ ደግሞ ከሩቅ አገር ዝናብ ይወለዳል። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት፣ ከዚያም በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ሁለት ኃይለኛ ማዕበሎች ከባሕር ተነሥተው በዓረብ ምድር በረሃ ላይ ዝናብ አወረዱ። በረሃው ለመለመ። ሰው በማይደርስበት በዚያ አሸዋ መሐል አንበጣ 3 ትውልድ ተራባ። አንዱ ትውልድ በ20 ቢባዛ፣ 20 ሲባዛ በ20፣ 400። 400 ሲባዛ በ20፣ 8,000። ያ መንጋ የመንን አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት አገራችን ገባ። በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ መከራ ሆነ። የባሌ ቆላም ቀምሶታል።

አንበጣም ቢሆን ከሙቀት ሕግ አያመልጥም። ሌሊት ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ገላውን እስክታሞቀው 2 ወይም 3 ሰዓት ያህል አይነሣም። መንጋ ያረፈበትን ቦታ ማታ አይቶ ወዲያው ማመልከት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ማለዳ ሳይነሣ ይረጭበታል። በትንኩ ቀን ጅራፍ ማጮኽና ቆርቆሮ መምታት ግን ወደ ጎረቤት ማሳ ማሻገር ብቻ ነው።

መሰላሉ እየተንቀሳቀሰ ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እስካሁን የነገርኳችሁ መሰላል ቆሞ አልቀረም።

የአየር ጠባይ አጥኚዎች እንደሚሉት ከ1952 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። በዓለም ሁሉ ከፋብሪካ፣ ከመኪናና ከደን መቃጠል የሚወጣው ጭስ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ሙቀቷን ይይዛል። 1.3 ዲግሪ ለሰው ምንም አይደለም፤ ጋቢ አያስወልቅም። ለነፍሳት ግን እንዴት ያለ ነገር ነው?

እንቁጠረው። 100 ሜትር መውጣት 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብለናል። 200 ሜትር መውጣት እንግዲህ 1.2 ዲግሪ ይቀንሳል ማለት ነው። ስለዚህ የ1.3 ዲግሪ ጭማሪ ማለት፣ ያን ጊዜ 200 ሜትር ዝቅ ብሎ የነበረው ሙቀት ዛሬ ወደኛ ወጣ ማለት ነው። በሮቤና በጎባ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 250 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ሒሳብ የዛሬዋ ጎባ ወደ አያቶቻችን ሮቤ ተጠግታለች። ሮቤም ከሷ ዝቅ ወዳለው አገር ተጠግታለች።

የቡናን ነገር ለምስክር እንጥራ። የቡናን ፍሬ በስታ የምትገባ ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ አለች። ሙቀት ትወዳለች። የጅማን የሙቀት መዝገብ የመረመሩ አጥኚዎች እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ ብርዱ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ እንድታሳድግ አያስችላትም ነበር ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ሙቀቱ በዓመት አንድ፣ ሁለት ትውልድ እንድታሳድግ የሚያስችላት ሆኗል። ቡናው ያው ቡና ነው። ቦታው ያው ቦታ ነው። የተለወጠው ሙቀቱ ነው። ለሐረና ቡናም ይህ ነገር ማስጠንቀቂያ ነው።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። የቆላው ተባይ ሲሞቀው ወደ ደጋ ይወጣል። የደጋው ወደ ውርጭ ይወጣል። በሰኔቲ ድንጋይ ሥር ያሉት ክንፍ የለሽ ጥንዚዛዎች ግን ወዴት ይሂዱ? ከቱሉ ዲምቱ በላይ ሰማይ ነው ያለው።

«ደጋ ነን፤ ይህ ተባይ እዚህ አይደርስም» የሚለው የአባቶች አነጋገር በጊዜው ትክክል ነበር። በዓይናቸው አይተው የተናገሩት ነው። ዛሬ ግን እንደገና መታየት አለበት።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እህል በደንብ ሳይደርቅ ወደ ጎተራ አይግባ። በጥርስ ሲሰበር ቀው የሚል ይሁን። እርጥብ እህል ራሱ ይሞቃል፤ ነቀዝና ሻጋታም ይጠራል። አሮጌውን እህል ከአዲሱ አትቀላቅሉ። ጎተራውን አዲሱ ከመግባቱ በፊት ጥረጉ፤ ስንጥቁን ምረጉ።

ሁለተኛ፣ አየር የማያስገባ ከረጢት ከተገኘ ተጠቀሙበት። ውስጡ ሁለት ላስቲክ፣ ውጭው ማዳበሪያ የሆነ ነው። አፉ በደንብ ሲታሰር ውስጥ ያለው ነቀዝ አየሩን ተንፍሶ ይጨርሳል። ከዚያ መብላት ያቆማል፤ በኋላም ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልገውም። ላስቲኩ እንዳይቀደድ ብቻ ተጠንቀቁ፤ በየቀኑም አትክፈቱት።

ሦስተኛ፣ ዝናብ ቆሞ ቀኑ ሲሞቅ ማሳችሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ ዙሩ። ከዳር ብቻ ሳይሆን ከመሐልም ቅጠል ገልጣችሁ እዩ። ክሽክሽ ከመጠቅለሏ በፊት ስትገኝ መፍትሔ አላት። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባትን ክብ ጥንዚዛ ካያችሁ አትግደሏት። እሷ ክሽክሽ በሊታ ናት፤ ወዳጃችሁ ናት። ያለምክር የተረጨ መድኃኒት ጠላትንም ወዳጅንም ይጨርሳል። የማሳ መድኃኒት በገላ፣ በልብስ፣ በመኝታና ለምግብ በተቀመጠ እህል ላይ ከቶ አታድርጉ። ሰው ይገድላል።

አራተኛ፣ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ከያዘው «ብርድ መታኝ» ብሎ አይተኛ። ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር።

አምስተኛና ዋነኛው ይህ ነው። አሁን መጻፍ ችላችኋል። አንድ ደብተር ለዚህ ሥራ ለዩ። ተባይ ባያችሁ ቁጥር አራት ነገር ጻፉ፤ ቀኑን፣ ያያችሁትን፣ ቦታውን፣ የአየሩን ሁኔታ። ለምሳሌ እንዲህ፤

«ጥቅምት 4። ክሽክሽ። የታችኛው ማሳ። ዝናብ ካቆመ 9 ቀን፤ ቀኑ ሞቃት።»

አንድ መስመር ይበቃል። የዘንድሮው መስመር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የ5 ዓመት መስመሮች አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ተባዩ በየዓመቱ እየቀደመ መምጣቱን፣ ወይም ከታችኛው ማሳ ወደ ላይኛው እየወጣ መሆኑን ይናገራሉ። የሰው ትዝታ ይሳሳታል፤ «ዘንድሮስ ባሰ» ይላል በየዓመቱ። ጽሑፍ ግን አይረሳም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሲመጣ ደብተሩን አሳዩት። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልም ከሮቤ ሩቅ አይደለም። አጥኚዎቹ በየማሳው ሁሉ በየቀኑ መቆም አይችሉም። እናንተ ግን በየቀኑ እዚያ ናችሁ።

ነፍሳት ማንበብ አያውቁም። ሙቀትን ግን ከኛ ቀድመው ያነቡታል። እኛም የነሱን አመጣጥ እየጻፍን ብናነብ፣ እነሱ ማሳ ሲደርሱ እኛ ቀድመናቸው እንገኛለን።